ታዋቂ ሮከሮች የተጫወቱባቸው ጊታሮች ስንት ያወጣሉ? ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ጊታር እጠግናለሁ። ክር ለማስቀየር የመጣ ሰው ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ «እገሌ የተጫወተበት ጊታር ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር አወጣ ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እኛም ቤት አንድ አሮጌ አለ» ይላል። ለአንዱም ለሌላውም ስመልስ የኖርኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታው አይመጣልኝም፣ አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንቺም እንደ ራስሽ አድርገሽ አንብቢው።

አንድ ጊታር በስድስት ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እውነት ነው?

እውነት ነው። በጁን 2020 ጁሊየንስ የሚባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት የኒርቫናው ኩርት ኮቤይን የተጫወተበትን ጊታር በ6,010,000 ዶላር ሸጧል። ጨረታው ከአንድ ሚሊዮን ነበር የተነሣው። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ይህን ያህል ያወጣ ጊታር አልነበረም። የገዛው ፒተር ፍሪድማን የተባለ አውስትራሊያዊ የማይክሮፎን አምራች ነው።

ጊታሩ በ1959 የተሠራ ማርቲን ዲ-18ኢ ነው። ቦክስ ጊታር ሆኖ ሳለ ፋብሪካው ራሱ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) የገጠመለት፣ በጊዜው ገበያ ያላገኘና ጥቂት ብቻ ተሠርቶ የቀረ ሞዴል ነው። ኮቤይን ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የተሠራውን ለግራ አዙሮ ይጫወትበት ነበር። በኖቬምበር 1993 ኤምቲቪ ኒው ዮርክ ላይ በቀረጸው ኮንሰርት የያዘው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ አምስት ወር እንኳን ሳይሞላው ሞተ።

እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚገርመኝ አብሮ የተሸጠው ሣጥን ነው። ውስጡ ግማሹ ያለቀ የክር ፓኬትና ሦስት ፒክ (ክር መምቻ) ነበረበት። እንዲህ ዓይነት ግማሽ ፓኬት እኔ በየሳምንቱ ቅርጫት እጥላለሁ። እዚያ ግን አንድም ነገር ሳይነካ እንዳለ ተቀመጠ፤ ምክንያቱም ያ ፓኬት ሰውየው በእጁ የነካው፣ ነገ እመለስበታለሁ ብሎ የተወው ነገር ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚህ ዓይነት ቅርበት ነው።

ታዲያ ዋጋውን የሚያወጣው የጊታሩ ጥራት ነው?

ጥራቱ ከሁሉ ትንሹ ነው። የፒንክ ፍሎይዱን ዴቪድ ጊልሞርን እንውሰድ። በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ገዛ። ያኔ ከመደርደሪያ የወረደ ተራ ዕቃ ነበር። ከዚያ ለዓመታት አንገቱን ደጋግሞ ለወጠው፣ ፒክአፑን ቀየረው፣ በሳው፣ ሽቦ ጨመረበት። ሌላ ሰው ይህን ያህል የፈታታውን ጊታር ይዞልኝ ቢመጣ ዋጋው ወርዷል እለው ነበር። ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ድርጅት በጁን 2019 ኒው ዮርክ ላይ ለጨረታ ሲያቀርበው ከ100,000 እስከ 150,000 ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። 3,975,000 አወጣ። ጂም ኢርሴይ የሚባሉት፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ባለቤት የነበሩት ሰብሳቢ ገዙት። የዚያ ቀን ሽያጭ በጠቅላላ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ጊልሞር ገንዘቡን ለአካባቢ ጥበቃ ለሚሟገት ድርጅት ሰጥቶታል።

እዚህ ላይ ልብ በል። ጥቁሩ ጊታር የተወደደው ሰው ሁሉ ድምፁን ስለሚያውቀው ነው። እነዚያ አልበሞች ሲቀረጹ፣ እነዚያ መድረኮች ላይ ሲወጣ፣ በሰውየው ትከሻ ላይ የነበረው እሱ ነው። ታዋቂ ሰው ሃምሳና መቶ ጊታር ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኞቹን አንድ ሁለቴ ነካክቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። የዳየር ስትሬትሱ ማርክ ኖፕፍለር በጃንዋሪ 2024 ከ120 በላይ ጊታርና አምፕሊፋየር ሸጦ 8.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገኝቷል። ብዙ ገንዘብ ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ ብታካፍለው ከሚሊዮን እጅግ የራቀ ነው። «የእገሌ ነበር» እና «እገሌ ያንን ዘፈን የሠራበት ነው» መካከል ያለው ልዩነት ከሰማይና ከምድር ይሰፋል።

«ይሄ በእርግጥ የሱ ነው» የሚባለው በምን ይታወቃል?

የዚህ ሥራ ልቡ ይህ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የቢትልሶቹ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን በ1962 ሊቨርፑል ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ጊብሰን ጄ-160ኢ ገዙ። የሌነኑ በ1963 መጨረሻ፣ ቢትልስ ለንደን ላይ የገና ሰሞን ዝግጅት ሲያቀርቡ ጠፋ። በ1960ዎቹ መገባደጃ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ አንድ ሰው ያንን ጊታር አሮጌ ብሎ በርካሽ ገዛው፤ ከአርባ ዓመት በላይም የማን እንደሆነ ሳያውቅ ቤቱ ተጫወተበት። በ2014 ነው ነገሩ የተደረሰበት። የመለያ ቁጥሩ ገጠመ፣ የእንጨቱ መስመር ደግሞ ከድሮ ፎቶግራፎች ጋር ሲተያይ ልክ አንድ ሆኖ ተገኘ። በ2015 በ2.41 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

የእንጨት መስመር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማየት ጠዋት ሱቄ ና። ጸሐይዋ በበሩ አግድም ስትገባ ቦክስ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስተኝቼ አሳይሃለሁ። ደረቱ ብዙ ጊዜ አንድ ጣውላ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ መሐሉ ላይ በኮላ የተያያዘ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ቀጫጭን መስመሮች ዛፉ በየዓመቱ ያደገባቸው ናቸው፤ ዝናብ ያገኘበት ዓመት ሰፋ፣ የተቸገረበት ዓመት ጠበብ ይላል። አንዳንዱ ቦታ ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዱ ቦታ ጠመም ያለ መስመር ታያለህ። ሌላ ዛፍ ይህንን መልሶ አይሠራውም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ጊታሮች እንኳን እንደ ጣት አሻራ ይለያያሉ። ስለዚህ የጠራ የድሮ ፎቶ ያለው ሰው ትልቅ ማስረጃ በእጁ አለ ማለት ነው።

ከፎቶው ሌላ የግዢ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የጥገና ወረቀት፣ ከሰውየው ወይም ከቤተሰቡ ቀጥታ የተረከበ ሰው የጻፈው ቃል ይረዳል። «አጎቴ ነግሮኛል» ለቡና ወሬ ይሆናል፣ ለጨረታ አይሆንም።

አያቴ ከሽማንደፈር ሠራተኛ የተቀበሉት ጊታር ቤታችን አለ። ዋጋ ያወጣል?

ድሬ ላይ ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሊገርምህ አይገባም፤ ይህች ከተማ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፣ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም ዕቃውን ይዞ መጥቶባታል፣ ሲሄድም ትቶባታል።

እውነቱን ልንገርህ፤ በገበያ ዓይን ብዙውን ጊዜ አያወጣም። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ የሚሆንላቸው ጊታሮች ጥቂት ናቸው። ጊብሰን ከ1958 እስከ 1960 የሠራው ባለ ጸሐይ ቀለም ሌስ ፖል ማንም ዝነኛ ሳይነካው በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። የድሮ ፌንደርና የድሮ ማርቲንም ጥሩ ያወጣሉ። በየቤቱ የማየው ግን ብዛት ያለው የአውሮፓ ወይም የጃፓን ፋብሪካ ሥራ ነው። በክብ ቀዳዳው ውስጥ በስልክህ መብራት ተመልከት፤ ወረቀት ተለጥፎ ከሆነ አንብበው፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ መቃኛዎቹ ያሉበት ራሱ ላይ ወይም አንገቱ ከደረቱ የሚገናኝበት ቦታ ቁጥር ፈልግ። ከዚያ በፊት ምንም አትንካ።

አንዲት እናት ባለፈው ዓመት የሟች ባለቤታቸውን ጊታር በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከለገሃሬ ድረስ በባጃጅ አቅፈውት ነው የመጡት። ሰውየው ባቡር ኩባንያ ይሠሩ ነበር፣ ማታ ማታ ደግሞ ሠርግ ላይ ይጫወታሉ። ውስጡ ያለው ወረቀት ደብዝዞ ፈረንሳይኛ መሆኑ ብቻ ይታያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች) በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተቦርቡሯል፤ ከቀዳዳው በታች ጣታቸው የፈተገው ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ነጥቷል፣ ቅርጹ የባቄላ ፍሬ ይመስላል። «ይሸጣል ልጄ?» አሉኝ። «እማማ፣ ጨረታ ቤት የሚወስደው አይደለም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ከቦርሳቸው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። ሠርግ ነው፤ ባለቤታቸው መሐል ቆመው ይጫወታሉ። ማጉያ መነጽሬን አምጥቼ አየሁት። ያ ባቄላ የመሰለ ነጭ ቦታ ፎቶው ላይ አለ፣ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነው። ጎኑ ላይ ያለችው አንዲት ጠማማ የእንጨት መስመርም አለች። ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ፎቶው ጀርባ ላይ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ አብረው የቆሙት እነማን እንደሆኑ እሳቸው እየነገሩኝ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ከዚያ በሣጥኑ ውስጥ አብሮ ገባ። የሌነንን ጊታር የለዩት ሰዎች የሠሩት ሥራም ይኸው ነው፣ መሣሪያቸው ብቻ ይበልጣል።

ከመሸጤ በፊት ቀለም ላስቀባው? ላሳድሰው?

በፍጹም! ስለ አላህ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ አትንካው።

አንድ ልጅ ከሳቢያን የድሮ የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጣ። ከእኔ በፊት የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ወስዶት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ሉስትሮ ተቀብቶ፣ እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ያበራል። ልጁ ደስ ብሎታል። እኔ ግን የጎደለውን እያየሁ ነበር፦ የመጀመሪያው ቀለም የለም፣ የፋብሪካው ማኅተም የለም፣ መቃኛዎቹም ለዓይን ይማርካሉ ተብለው በአዲስ ተቀይረው የድሮዎቹ ተጥለዋል። ቀለሙ የተቀየረ የድሮ ጊታር በሰብሳቢ ዘንድ ግማሽ ያህል ዋጋውን ያጣል ይባላል፤ የተጣለውን ክፍል ደግሞ መልሰህ አታገኘውም።

የአየርላንዱን ሮሪ ጋላገርን ጊታር ፎቶ ፈልገህ እይ። የ1961 ስትራቶካስተር ነው፤ በ1963 ኮርክ ከተማ ውስጥ በ100 ፓውንድ፣ በዱቤ፣ ገና ልጅ እያለ ገዛው። አንዴ ተሰርቆ ዝናብ ሲመታው ቆይቶ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ቀለሙ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ባዶ እንጨት ነው። ለአሥርተ ዓመታት ላቡ የወረደበት ጊታር ነው። በኦክቶበር 2024 ለንደን ላይ 889,400 ፓውንድ ተከፍሎበታል። ገዢው የአየርላንድ ኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት ሲሆን ለአገሪቱ ብሔራዊ ሙዚየም ሰጥቶታል። ያንን ጊታር አንድ ሰው አሳምሬ ልቀባው ብሎ ቢሆን ኖሮ የጋላገር እጅ የጻፈውን ሁሉ በፈቀው ነበር።

የተሰበረ ነገር ካለና ለመጫወት ካስቸገረህ መጠገን ይቻላል። የወጣውን ሁሉ በላስቲክ አድርገህ ከጊታሩ ጋር አስቀምጥ፤ የዛገች ቪዳ ብትሆንም።

ዱባይ ያለ ዘመዴ የታዋቂ ሰው ፊርማ ያለበት ጊታር ልገዛልህ ይላል። ልቀበል?

ተጠንቀቅ። የተፈረመ ጊታር እና የተጫወቱበት ጊታር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ፊርማው ያለው ደረቱ ላይ በምትገጠመው ላስቲክ ላይ ነው፤ እሷ በቪዳ ትፈታለች፣ የትም ርካሽ ጊታር ላይ ትገጠማለች። አብሮ የሚመጣው የሚያብረቀርቅ ሰርተፍኬት ማንም ማተሚያ ቤት የሚያትመው ወረቀት ነው። ሰውየው ሲፈርም የሚያሳይ፣ ጊታሩ በግልጽ የሚለይበት ፎቶ ከሌለ የጊታሩን ተራ ዋጋ ብቻ ክፈል።

በ2005 ዶሃ ላይ ብዙ ዝነኞች የፈረሙበት ስትራቶካስተር 2.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፣ ይህም እውነት ነው። ያ ግን ለሱናሚ ተጎጂዎች እርዳታ የተደረገ ጨረታ ነበር፤ ገንዘቡ ልግስናም ነው።

የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝስ?

ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ባለቤትነቱ ካልጠራ አይሸጥም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ ጊታር በ1961 ሐምቡርግ ላይ በ30 ፓውንድ ገደማ የተገዛ ነው። በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ተሰረቀ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ ለባለቤቱ ተመለሰ። ያገኘው ቤተሰብ ጨረታ ላይ አላወጣውም፤ ትክክሉም እሱ ነው።

ቦብ ዲለን በ1965 ኒውፖርት ላይ የተጫወተበት ስትራቶካስተር ደግሞ በግል አውሮፕላን ውስጥ ተረስቶ በአብራሪው ቤተሰብ እጅ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። የዲለን ጠበቆች ይገባናል አሉ፣ ተከራክረው ተስማሙ፣ ከስምምነቱ በኋላ ነው በ2013 ክሪስቲስ ላይ 965,000 ዶላር ያወጣው። ሰው የረሳብህ ወይም ያስያዘህ ጊታር ካለ መጀመሪያ ባለቤቱን ወይም ልጆቹን ፈልግ።

የድሬ ሙቀት አሮጌ ጊታር አይጎዳም?

ይጎዳል። ከሙቀቱም ድርቀቱ ይብሳል። ቦክስ ጊታር የሚመቸው የአየር እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 55 ያህሉ ነው፤ እኛ ዘንድ በጋ ላይ ከዚያ በጣም ይወርዳል። እንጨቱ ይኮማተራል፣ ፍሬቶቹ በአንገቱ ጎንና ጎን ወጥተው እጅ ይቧጭራሉ፣ ቀጥሎ ደረቱ መሐል ላይ ካለው መጋጠሚያ ይሰነጠቃል። እኔም የራሴን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድ በጋ ሰቅዬ አጥቼዋለሁ፤ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጥላ ሥር አርፎ ሳለ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሮጬ ስደርስ ክሮቹ ከታሰሩበት ድልድይ እስከ ታች ፀጉር የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች።

ግድግዳ ላይ አትስቀለው፣ መኪና ውስጥ አትተወው። ሣጥኑ ውስጥ አስገባው፤ የሳሙና መያዣ ላይ ቀዳዳ አብዝተህ እርጥብ ስፖንጅ አድርግና ከጎኑ አስቀምጥ። ውኃ እንዳይንጠባጠብ ስፖንጁን ጨምቀው። ክሩን ሙሉ በሙሉ አትፍታ፣ ትንሽ ብቻ አላላው።

ገንዘቤን ጊታር ላይ ባውለው ያተርፋል?

የጥቂቶቹ ዋጋ ጨምሯል። የግሬትፉል ዴዱ ጄሪ ጋርሲያ «ዎልፍ» የተባለው ጊታር በ2002 በ789,500 ዶላር ተሸጦ በ2017 1.9 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ግን ይህን የሚያደርጉት ለዓመታት ገንዘባቸው ታስሮ ቢቆይ የማይጨነቁ ሰዎች ናቸው። አጫራቹም ከላይ ይጨምራል፦ የጋላገር ጊታር ላይ መዶሻው የወደቀው 700,000 ፓውንድ ላይ ነበር፣ ገዢው የከፈለው ግን ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን 889,400 ነው። የሙዚቀኛው ትውልድ ሲያልፍ ፈላጊው ሊቀንስም ይችላል። በእኛ አቅም ጊታር የሚገዛው ለመጫወት ነው።

ወደ ውጭ ልልከው ብፈልግስ?

የድሮ ጥሩ ጊታሮች ጎንና ጀርባቸው ከብራዚል ሮዝውድ ሊሆን ይችላል። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል። የዝሆን ጥርስና የኤሊ ቅርፊት ያለበትም እንዲሁ። ከመላክህ በፊት እንጨቱን አስመርምር።

የእኛዎቹ ሙዚቀኞች መሣሪያስ? ዋጋ አለው?

ይህንን ጥያቄ ሰው በብዛት ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ዓሊ ቢራ እዚሁ ድሬዳዋ ተወለደ፣ በልጅነቱ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር እዚሁ መዝፈን ጀመረ፣ ኡድም ጊታርም ተጫወተ፣ በ2022 አርፎ እዚሁ ተቀበረ። የእሱ ዘመን ሰዎች የያዟቸው መሣሪያዎች፣ የሠርግ ባንዶች ጊታር፣ በየመድረኩ የዞሩት ኡዶች፣ የማንኛቸውም ዋጋ ገና አልተተመነም። ሊተመን የሚችለው ደግሞ ሌላው ዓለም በሚተምንበት መንገድ ብቻ ነው፦ ፎቶ፣ ቀን፣ ስም፣ የዓይን ምስክር።

ይቻላል ወይ ካልከኝ ሐረር ሂድና እይ። አብዱላሂ ሸሪፍ የጥንት ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን፣ የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂውን ከየቤቱ ለዓመታት ሰብስበው ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ሙዚየም አድርገውታል። በአንድ ሰው ትጋት የተጀመረ ነው።

እኔ በበኩሌ ሱቄ ውስጥ አንድ ደብተር ከፍቻለሁ። አሮጌ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ባይሸጥም ባይጠገንም ይመዘገባል፦ የደረቱ ፎቶ በጠዋት ብርሃን፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ማን እንደተጫወተበት፣ የት የት ሠርግ እንደዋለ። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሆነዋል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የእማማ ባለቤት ጊታር ነው። የናንተንም አምጡ። ጠዋት ይሻላል፣ ብርሃኑ አግድም እያለ።